ፓተንት ሳይኖር የተቆለፈ መድኃኒት፦ የዳራፕሪም ጉዳይ

ዳራፕሪም ቶክሶፕላዝሞሲስ ለሚባል የጥገኛ ተሕዋስ በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። 100 ፍሬ የያዘች አንዲት ብልቃጡ አሜሪካ ውስጥ በጁላይ 2015 ዋጋዋ 1,350 ዶላር ገደማ ነበር። ወሩ ተገባዶ ኦገስት ሲጋመስ 75,000 ዶላር ገባች። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ያለው 25 ሚሊ ግራም ፒሪሜታሚን ያው ነው፤ በሽታውም ያው፣ በሽተኛውም ያው። የተለወጠው ባለቤቱ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚወራው የአንድ ስግብግብ ወጣት ታሪክ ተደርጎ ነው። ወሬው እውነት ቢሆንም ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል። የፓተንት (ለፈልሳፊው ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ የብቻ መብት) ዘመኑ ባለፈ መድኃኒት ላይ አንዱ ዋጋ ቢሰቅል ሌላው መጥቶ በግማሹ ይሸጥበታል፤ ቢያንስ በመጽሐፉ እንዲያ ነው። ዳራፕሪም ላይ ግን ተፎካካሪው እስኪመጣ አራት ዓመት ተኩል ፈጀ። መመርመር ያለበት ይህ አራት ዓመት ተኩል ነው።

ፒሪሜታሚን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያ ውስጥ ለወባ ይታዘዝ የነበረው ፋንሲዳር ግማሹ እሱ ነው፦ በአንድ ፍሬ 500 ሚሊ ግራም ሰልፋዶክሲንና 25 ሚሊ ግራም ፒሪሜታሚን። ወባው መድኃኒቱን ሲላመድ በ2004 በኮአርተም ተተካ። ፒሪሜታሚንን በቡሮውስ ዌልካም ቤተ ሙከራ ያገኙት ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ ናቸው፤ በኋላ በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) መድኃኒቱን የፈቀደው በ1953 ነው። ዋጋው ሲሰቀል መድኃኒቱ የ62 ዓመት ሽማግሌ ነበር ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሚፈለገው ለወባ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ በድመት ዓይነ ምድርና በደንብ ባልበሰለ ሥጋ ወደ ሰው ይገባል፤ የሰውነት መከላከያው ደህና ከሆነ ዕድሜ ልኩን ተኝቶ ይኖራል። የኤችአይቪ ታማሚ ሲዲ4 (የመከላከያ ነጭ ሕዋስ) ቁጥሩ ከ100 ሲወርድ ግን ተሕዋሱ ይነቃና አንጎል ላይ ይወጣል፦ ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ የአንድ ጎን ሰውነት መድከም፣ የሚጥል በሽታ። እርጉዝ ሴት ከያዛት ደግሞ ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ በዚህ መንገድ የተያዘ ሕፃን አንድ ዓመት ያህል ይታከማል። እንግዲህ ታማሚው ጥቂት ነው፤ ያለ መድኃኒት ግን መቆየት አይችልም። ለዋጋ ሰቃይ ከዚህ የተመቸ ገበያ የለም።

ሕክምናው የሦስት መድኃኒት ጥምር ነው። ፒሪሜታሚን ተሕዋሱ ፎሌት (ለመባዛት የሚያስፈልገው ቪታሚን) የሚሠራበትን ኢንዛይም ይዘጋበታል፤ ሰልፋዳያዚን ያንኑ መንገድ ከላይኛው በኩል ይቆርጣል። ነገር ግን የሰው መቅኒም ያው ኢንዛይም ያስፈልገዋልና ሉኮቮሪን (ፎሊኒክ አሲድ) ይጨመራል። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ፦ ሉኮቮሪን ሲጠፋ በእርግዝና ክትትል የሚሰጠውን ተራውን ፎሊክ አሲድ መተካት። አይተካም። ፎሊክ አሲድ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በዚያው በተዘጋው ኢንዛይም ማለፍ አለበት፤ ሉኮቮሪን ግን ከዚያ ወዲያ ማዶ ነው የሚገባው። በስህተቱ የሚጎዳው የታማሚው ደም ነው፤ ነጭ ሕዋሱና ፕሌትሌቱ ይወርዳል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ክብደቱ 60 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በአሜሪካው መመሪያ መሠረት መጀመሪያ ቀን በአንድ ጊዜ 200 ሚሊ ግራም ይወስዳል፤ 8 ፍሬ። ከዚያ በየቀኑ 75 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 3 ፍሬ፣ ቢያንስ እስከ ስድስተኛው ሳምንት። በ42 ቀን 131 ፍሬ ይሆናል። ፍሬው 13 ዶላር ከ50 ሳለ 1,768 ዶላር ከ50፤ 750 ሲገባ 98,250 ዶላር። ከ60 ኪሎ በታች ከሆነ በቀን 2 ፍሬ ነው፤ 90 ፍሬ፣ 67,500 ዶላር። በዚህ አያበቃም። በሽታው እንዳይመለስ ሲዲ4 ከ200 በላይ ወጥቶ ስድስት ወር እስኪረጋ ድረስ በቀን 1 ወይም 2 ፍሬ ይቀጥላል፤ በቀን 1 ፍሬ እንኳ ለአንድ ዓመት 273,750 ዶላር ነው። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበርና የኤችአይቪ ሐኪሞች ማኅበር በሴፕቴምበር 2015 ለኩባንያው በጻፉት ደብዳቤ የፒሪሜታሚኑን ብቻ የዓመት ወጪ እንደ ክብደቱ 336,000 እና 634,500 ዶላር ብለው አስልተውታል።

ዋጋው አንድ ቀን ተነሥቶ የዘለለ የሚመስለው ካለፈው ጋር ሳያያይዙት ነው። ግላክሶስሚዝክላይን የአሜሪካውን መብት በ2010 ለኮርፋርማ ሸጠ። ያኔ ፍሬው 1 ዶላር ገደማ ነበር። በ2010 የዓመቱ ሽያጭ 667,000 ዶላር ሲሆን በ2011 6.3 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ የታዘዘው ማዘዣ ግን 12,700 ገደማ ላይ እንዳለ ነው። አሥር እጥፍ ገቢ፣ ያው በሽተኛ። ያኔ ማንም አልጮኸም፤ ማንም ስላልጮኸም ቀጣዩ ገዢ መንገዱ ክፍት መሆኑን አየ። ኮርፋርማ በ2015 መጀመሪያ ወደ ኢምፓክስ ላቦራቶሪስ ተጠቃለለ፤ ኢምፓክስ ደግሞ ዳራፕሪምን በኦገስት 2015 ለቱሪንግ ፋርማሲዩቲካልስ በ55 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። የቱሪንግ መሥራችና ሥራ አስኪያጅ ማርቲን ሽክረሊ ነበር።

በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር የማይሞላ ለሚሸጥ መድኃኒት 55 ሚሊዮን መክፈል በአሮጌው ዋጋ አያዋጣም። ስለዚህ የዋጋው ጭማሪ በግዢው ውል ውስጥ አስቀድሞ ተቀብሯል። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2016 መጀመሪያ ይፋ ያደረጋቸው የኩባንያው ደብዳቤዎች ይህንኑ ያሳያሉ፦ ሽክረሊ ዋጋው እንደተሰቀለ በኦገስት 2015 መጨረሻ ተቀምጦ 5,000 ብልቃጥ በአዲሱ ዋጋ ቢከፈልበት 375 ሚሊዮን ዶላር፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ትርፍ፣ ይህም ሦስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል ብሎ ያሰላል። በዚህ ስሌት ውስጥ ከዋጋው ይልቅ ትኩር ብሎ መታየት ያለበት «ሦስት ዓመት» የሚለው ነው። ፓተንት የለም፤ ታዲያ ሦስት ዓመት ማን ዋስ ሆነው?

ዋሶቹ በርካታ ናቸው፤ የመጀመሪያው የማከፋፈያው መዘጋት ነው። በቅደም ተከተሉ ላይ ልብ ይበሉ፦ በሩ የተዘጋው ዋጋው ከመሰቀሉ በፊት ነው። ዳራፕሪም እስከ 2015 አጋማሽ ድረስ እንደማንኛውም መድኃኒት በጅምላ አከፋፋይ መጋዘን ይገኝ ነበር፤ ሆስፒታሉ ማታ ቢያዝ ጠዋት ይደርሰው ነበር። ባለቤትነቱ ሊሸጋገር ሲል በጁን 2015 ስርጭቱ በአንድ ልዩ ፋርማሲ በኩል ብቻ እንዲሆን ተደረገ። እንዲህ ያለ ዝግ ስርጭት ሕጋዊ ምክንያት ያለው ጊዜ አለ፤ ፅንስ የሚጎዳ ወይም ጥብቅ ክትትል የሚፈልግ መድኃኒት ሲሆን። ዳራፕሪም 62 ዓመት ሙሉ በክፍት ገበያ የኖረ ነው።

መዝጋቱ ለምን ይጠቅማል? ጀነሪክ (የዋናው መድኃኒት አቻ ቅጂ) የሚሠራ ድርጅት ኤፍዲኤ ዘንድ ለመቅረብ የራሱ ፍሬ ደም ውስጥ የሚገባው እንደ ዋናው ፍሬ በመጠንም በፍጥነትም እኩል መሆኑን በጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ ማሳየት አለበት። ለዚህ ዋናውን መድኃኒት በእጁ መያዝ ግድ ነው። አሥር ሃያ ፍሬ አይበቃም፦ ለጥናቱ፣ በቤተ ሙከራ ለሚደረገው የመሟሟት ንጽጽር፣ ከዚያም ደንቡ በመጠባበቂያነት እንዲቀመጥ ለሚያዘው ያስፈልጋል። መጠባበቂያው ለአንድ ሙሉ ምርመራ የሚበቃውን አምስት እጥፍ ነው። በድምሩ በብልቃጥ የሚቆጠር ነው፤ ያውም የአገልግሎት ጊዜው ያልተቃረበ። በክፍት ገበያ ይህ የስልክ ትዕዛዝ ነው። በዝግ ስርጭት ግን እያንዳንዱ ደንበኛ ተመዝግቧል፤ ውሉ ለጀነሪክ አምራች እንዳይሸጥ ይከለክለዋል፤ አንድ ደንበኛ በአንድ ጊዜ የሚገዛው ብልቃጥም ተቆጥሮ ተገድቧል።

ቁጥጥሩ ምን ያህል ጥብቅ እንደነበር አንድ ነገር ያሳያል። አምስት ብልቃጥ ሾልኮ ዶክተር ሬዲስ ወደሚባለው የጀነሪክ ኩባንያ ሊደርስ ሲል ባለቤቱ ኩባንያ ደረሰበት። የራሱን አምስት ብልቃጥ በ750,000 ዶላር መልሶ ገዛው። በዝርዝር ዋጋው 375,000 ነበር፤ እጥፉን ከፈለ። ለራሱ ዕቃ እጥፍ ዋጋ የሚከፍል ነጋዴ ዕቃውን አይደለም የሚገዛው።

ሁለተኛው ቁልፍ ከፋብሪካው ወደ ላይ ነው፦ ዋናው ንጥረ ነገር። ፒሪሜታሚን ለመሥራት የሚከብድ ኬሚካል አይደለም። በ2016 የሲድኒ ግራመር ትምህርት ቤት ልጆች በትምህርት ቤታቸው ቤተ ሙከራ 3.7 ግራም በ20 ዶላር ገደማ ሠርተዋል፤ ያ ወደ 148 ፍሬ ስለሆነ በአሜሪካው ዋጋ 111,000 ዶላር ነው። ዓለም አጨበጨበላቸው፤ ደግ አደረገ። የአሜሪካን በሽተኛ ግን አንድ ፍሬ አልጠቀመም። ንጥረ ነገሩን መሥራት ሌላ፣ ኤፍዲኤ ሰነዱን የተቀበለውና የመረመረው አምራች መሆን ሌላ። አዲስ አምራች ለማዘጋጀት ንጽሕናውን፣ ቆሻሻውን፣ የመቆያ ጊዜውን በሰነድ ማስመስከር ያስፈልጋል፤ ዓመታት ይፈጃል። ቱሪንግ፣ በኋላ ስሙን ቪየራ ያለው፣ ይህን ያውቃል። በጃንዋሪ 2017 ኤፍዲኤ የሚያውቀው አቅራቢ ከነበረው ከጃፓኑ ፉኩዚዩ ጋር ለአሜሪካ የሰው መድኃኒት ለእኔ ብቻ ሽጥ የሚል ውል ተፈራረመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አር ኤል ፋይን ከሚባል የሕንድ አምራች ጋርም ውል አሰረ። ይህ አምራች ሴሮቪን ለሚባል አነስተኛ የጀነሪክ ኩባንያ ንጥረ ነገሩን ያቀርብ የነበረ ነው፤ ሴሮቪንም ማመልከቻውን ኤፍዲኤ ዘንድ ካስገባ ሰንብቷል። ውሉ ሲፈረም የሴሮቪን አቅርቦት ተቋረጠ፤ ማመልከቻው በተንጠለጠለበት ቀረ።

ሦስተኛውን በአጭሩ እንለፈው። የጀነሪክ ድርጅቶች የትኛው መድኃኒት እንደሚያዋጣ የሚያዩት ከአከፋፋዮች ከሚሰበሰብ የሽያጭ መረጃ ነው። ኩባንያው አከፋፋዮቹ የዳራፕሪምን ቁጥር ለመረጃ ድርጅቶች እንዳይሸጡ ከፍሏቸዋል። ገበያው ከውጭ ሲታይ ትንሽ እንዲመስል ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ምን ሆነ? የአንጎል ቶክሶፕላዝሞሲስ ሕክምና የሚጀመረው በግምት ነው፦ ሲዲ4 ከ100 በታች፣ የደም ምርመራው ፖዘቲቭ፣ በኤምአርአይ ላይ ዙሪያው ቀለበት የሠራ እብጠት። መድኃኒቱ ተጀምሮ በ10 እና በ14 ቀን መሻሻል ካልታየ ሊምፎማ (የነጭ ሕዋስ ካንሰር) ይሆናል ተብሎ ናሙና ይወሰዳል። ስለዚህ መድኃኒቱ መመርመሪያም ነው፤ የዘገየ ቀን ሁሉ ምርመራውንም ያዘገያል። በዝግ ስርጭት ግን ፋርማሲው አዲስ ደንበኛ ሆኖ መመዝገብ ነበረበት፤ የቀድሞው የማታ ትዕዛዝ ወደ ቀናት ተለወጠ። መደርደሪያ ላይ አንድ ሁለት ብልቃጥ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ የለመደ ፋርማሲም በ75,000 ዶላር ማስቀመጡን ተወ፤ ዕድሜው አልፎ ቢጣል ማን ይከፍላል?

ብዙ ሐኪሞች የዞሩት ወደ ኮትሪሞክሳዞል ነው፤ አገር ቤት ባክትሪም ወይም ኮትሪ የሚባለው። መጠኑ በትራይሜቶፕሪም ሲለካ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው በየጊዜው 300 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ባለ 480ው ፍሬ በውስጡ 80 ትራይሜቶፕሪም ስላለው ጠዋት አራት ማታ አራት ማለት ነው። በደም ሥር የሚሰጥ ዓይነትም ስላለው መዋጥ ለማይችል ይመቻል። ፒሪሜታሚን ለብቻው በማይገኝባቸው አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ሐኪሞች ሲሠሩበት የኖሩት በዚሁ ነው፤ ባለጸጋው ሆስፒታል በዋጋ ተገፍቶ የደረሰበት ድሃው ሆስፒታል ከነበረበት ቦታ ነው። ለሰልፋ አለርጂ የሆነ ታማሚ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው፤ ወይ በጥቂት በጥቂቱ ማላመድ፣ ወይ ወደ ፒሪሜታሚንና ክሊንዳማይሲን መመለስ። ፋንሲዳር ቢሰጥስ የሚል ካለ፦ ለወባ በአንድ ጊዜ ሦስት ፍሬ የሚዋጥ ነው እንጂ በየቀኑ የሚወሰድ አይደለም። ሰልፋዶክሲን ከሰውነት ሳይወጣ ቀናት ይቆያል፤ ሲደራረብ ቆዳን የሚልጥ ከባድ አለርጂ ያመጣል።

ጩኸቱ ሲበረታ ኩባንያው ዋጋውን እቀንሳለሁ አለ። በኖቬምበር 2015 የመጣው ቅናሽ ለሆስፒታሎች እስከ 50 በመቶ ሲሆን ዝርዝር ዋጋው 750 ላይ ቀረ። ግማሹ 375 ነው፤ ከአሮጌው ዋጋ 28 እጥፍ ገደማ። ለድሆች በሳንቲም እንሸጣለን የሚለው መከራከሪያ ደግሞ በከፊል እውነት ነው፤ ቸርነቱ ግን የሕግ ነው። ሜዲኬይድ የሚባለው የድሆች የመንግሥት የጤና መድን ከዋጋ ንረት በላይ ለተጨመረ ዋጋ ቅጣት ያስመልሳል፤ ድሆችን የሚያክሙ ተቋማት የሚገዙበት 340ቢ የሚባለው ፕሮግራምም በዚሁ ስሌት ዋጋውን አንድ ሳንቲም ያደርሰዋል። ሆኖም 340ቢ የሚሠራው ለተመላላሽ ታካሚ ብቻ ነው። ቶክሶፕላዝሞሲስ ያለበት ሰው ሕክምናውን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው፤ እዚያ ላይ ሙሉው ዋጋ ሆስፒታሉ ላይ ይወድቃል። ኢንሹራንስ ያለውም ሰው ኪሱ ባይነካ ክፍያው በሁሉም ወርሃዊ መዋጮ ላይ ይደለደላል።

ፈጥኖ የደረሰ አማራጭ ከፋርማሲ ቅመማ መጣ። ኢምፕሪሚስ የተባለ ድርጅት በኦክቶበር 2015 ፒሪሜታሚንና ሉኮቮሪን አንድ ላይ ያለበት ካፕሱል፣ 100ውን በ99 ዶላር አቀረበ። ነገር ግን የተቀመመ መድኃኒት ኤፍዲኤ ያጸደቀው አይደለም፤ በሕጉ የሚዘጋጀው በስም ለተጠቀሰ በሽተኛ በሐኪም ማዘዣ ነው። ዛሬ ሌሊት ለሚገባ ታማሚ መደርደሪያ ላይ የሚጠብቅ ዕቃ አይሆንም።

እውነተኛው ተፎካካሪ፣ የሴሮቪን ጀነሪክ፣ ፈቃድ ያገኘው በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ ነው፤ በማርች ገበያ ገባ፤ የሚሸጠውም ያው ብልቃጥ የተነፈገው ዶክተር ሬዲስ ነው። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 2019፣ ናሙና የተከለከለ የጀነሪክ አምራች ፍርድ ቤት ሄዶ በግድ እንዲሸጥለት የሚያስችል ክሪኤትስ የሚባል ሕግ ወጥቷል። ናሙናውን ያስከፍታል፤ የንጥረ ነገሩን የብቻ ውል ግን አይነካም።

ሽክረሊ በዲሴምበር 2015 ታስሮ በ2018 የሰባት ዓመት እስር የተፈረደበት በዳራፕሪም አይደለም፤ ቀደም ሲል በነበሩት የኢንቨስትመንት ድርጅቶች በፈጸመው ማጭበርበር ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። የዳራፕሪሙ ክስ የመጣው በጃንዋሪ 2020 ነው፤ ከሳሾቹ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ኒው ዮርክን ጨምሮ ሰባት ግዛቶች። ኩባንያው በዲሴምበር 2021 እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሽክረሊ ተከራክሮ ተረታ፦ ዳኛ ዴኒዝ ኮት በጃንዋሪ 14 ቀን 2022 ዕድሜ ልኩን ከመድኃኒት ንግድ አገደችው፤ 64.6 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስም ፈረደች። ይግባኝ ሰሚው በ2024 አጸናው። ቪየራ በ2023 ኪሳራ አስታውቋል።

ፍርዱ የረገመው ግን መዝጋቱን ነው፦ የማከፋፈያ ውሉን፣ የንጥረ ነገር ውሉን፣ የመረጃ ውሉን። 750 ዶላር ብሎ መጠየቁ ራሱ በአሜሪካ የፌዴራል ፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ጥፋት አይደለም፤ ያለ ውል ተፎካካሪ ባይመጣበት ኖሮ ክስ አይኖርም ነበር።

እንግሊዝ ውስጥ ሕጉ ሌላ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ዋጋ ራሱ ሊያስከስስ ይችላል። ፋይዘር በሴፕቴምበር 2012 የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን የፌኒቶይን ካፕሱል መብት ለፍሊን ፋርማ አስተላለፈ፤ ፍሊን የንግድ ስሙን ገፈፈው። ያኔ እዚያ አገር በንግድ ስም የሚሸጥ መድኃኒት ዋጋ ይቆጣጠሩ ነበር፤ ስም የሌለውን ግን ውድድር ያወርደዋል ብለው ይተዉት ነበር። 84 ካፕሱል የያዘው ባለ 100 ሚሊ ግራሙ ፓኮ ከ2.83 ፓውንድ ወደ 67.50 ፓውንድ ዘለለ። ናሙና መደበቅ፣ ንጥረ ነገር መያዝ አላስፈለገም፦ ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው አምራቹን ቢቀይር ሊወድቅ ስለሚችል ሐኪሙ ራሱ አይቀይርለትም። የውድድር ባለሥልጣኑ በ2016 ቀጣ፤ ፍርድ ቤት በ2018 ሻረው፤ ባለሥልጣኑ በ2022 ደግሞ ቀጣ። የውድድር ጉዳዮች ይግባኝ ችሎት ዋጋው አላግባብ ነው ብሎ የሁለቱን ኩባንያዎች ቅጣት በድምሩ 69 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ያደረገው በኖቬምበር 2024 ነው፤ ስሙ ከተገፈፈ በ12 ዓመቱ።